በጓሮ የእንጨት በረንዳ ስለ ማቀድና ስለ መሥራት

በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን በስልክ ከሚልኩልን ፎቶግራፎች መካከል አንድ ዓይነቱ ደጋግሞ ይመጣል። ከቤቱ በስተ ኋላ፥ ከሣሩ ጥቂት ከፍ ብሎ በጣውላ የተነጠፈ ሰፊ ወለል አለ፤ በላዩ ወንበርና ጠረጴዛ፥ በዳር በኩል የሥጋ መጥበሻ፥ ከሁሉ በላይ ግን ባዶ ሰማይ ይታያል። አሜሪካኖች ይህን ወለል «ዴክ» ብለው ይጠሩታል። ጓሮ ያለው ሰው ይህን ባየ ጊዜ «እኔስ ለምን አላሠራም?» ማለቱ አይቀርም። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ፎቶግራፉን ለአናጢ አሳይቶ «ልክ እንደዚህ ሥራልኝ» ማለት ገንዘብን ፀሓይ ላይ ማስጣት ይሆናል።

ምክንያቱም ይህ ነው። ያ ዓይነት ወለል የሚበዛው ብርድ በሚጠናበት አገር ነው። በዚያ የሚኖር ሰው የብርዱን ወራት በቤት ተዘግቶ ከቈየ በኋላ ወደ ጓሮው የሚወጣው ፀሓይ ለመሞቅ ነው። የድሬዳዋ ሰው ግን ወደ ጓሮ የሚወጣው ከፀሓይ ለመሸሽና ነፋስ ለመቀበል ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 1,200 ሜትር ያህል ነው፤ ይህም የአዲስ አበባ ከፍታ ግማሽ ብቻ መሆኑ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ጥላ የሌለውን የጣውላ ወለል በባዶ እግር መርገጥ አይቻልም። እንግዲህ አሜሪካዊው አሳቡን ከወለሉ ቢጀምር እኛ ከጥላው መጀመር ይገባናል። ወለሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለዚህ ትምህርት የሚሆን ምሳሌ ለመፈለግ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ድሬዳዋ በ1895 ዓ. ም. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ እስከዚህ በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረች ከተማ ናት። በከዚራ በኩል መንገዶቹ ቀጥ ብለው ተቀየሱ፤ ዛፍም ተተከለባቸው፤ ለባቡሩ ኩባንያ ሰዎችም ቤቶች ተሠሩ። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በረንዳ አላቸው፤ በረንዳውም ግድግዳውን ከፀሓይ እንዲጠብቅ ተብሎ የተሠራ ነው። ከደቻቱ ማዶ በመጋላ ደግሞ ሌላ ጥበብ አለ፤ ቤቶቹ በግንብ በታጠረ ግቢ ዙሪያ ተቀራርበው ስለሚሠሩ አንዱ ግድግዳ ለሌላው ጥላ ይሆነዋል። አሠራሩ ሁለት ቢሆንም ጠላቱ አንድ ነው። ከእናንተ መካከል የሚጠራጠር ቢኖር በዘጠኝ ሰዓት ወደ ከዚራ ወርዶ በበረንዳ ሥር ያለውን ግድግዳ በአንድ እጁ፥ በረንዳ የሌለውን ግድግዳ በሌላው እጁ ይንካ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለምሳሌ የምንይዘው በረንዳ ርዝመቱ 4 ሜትር፥ ወርዱ 3 ሜትር ነው። ይህ ስፋት ለአንድ ቤተ ሰብ ምንጣፍ ዘርግቶ ለመቀመጥ፥ ቡና ለማፍላት፥ በሙቀቱም ወራት ሌሊት ፍራሽ አውጥቶ ለመተኛት ይበቃል። በመጀመሪያ የጓሮውን ሥዕል ባለ ካሬ ወረቀት ላይ አንሡ። ግማሹን ሜትር አንድ ሳንቲሜትር ብታደርጉት በረንዳው 8 በ6 ሳንቲሜትር ይሆናል። በሥዕሉ ላይ የቤቱን በር፥ የኩሽናውን ጭስ መውጫ፥ የመጸዳጃውን ጕድጓድ፥ ዛፎቹን፥ የዝናብ ውኃ የሚሄድበትንም መንገድ አመልክቱ። ሰሜንንም አትርሱ።

ሰሜንን ካወቅን በኋላ ፀሓይን እንመርምር። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ሚያዝያ 7 ገደማና ነሐሴ 22 ገደማ፥ ፀሓይ በቀትር ልክ በአናታችን ላይ ትቆማለች። በእነዚያ ቀኖች በቱንቢ ተስተካክሎ የተተከለ እንጨት በቀትር ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። በትምህርት ቤታችን ሜዳ ሁሉም ሊሞክረው የሚችል ነገር ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል፥ ማለት በግንቦት፥ በሰኔና በሐምሌ፥ የቀትር ፀሓይ ከሰሜን በኩል ትመጣለች፤ በቀሩት ወራት ከደቡብ ነው። ብዙ ሰው ፀሓይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል የምትሄድ ይመስለዋል፤ ይህ ለአውሮፓ እንጂ ለእኛ አይሆንም።

ይህ ለበረንዳ ምን ይጠቅማል? የጣሪያው ጠርዝ ከወለሉ 2 ሜትር ተኩል ከፍ ብሏል እንበል። በረንዳው ወደ ሰሜን የዞረ እንደ ሆነ ሰኔ 14 ገደማ፥ ፀሓይ ወደ ሰሜን እጅግ በራቀችበት ቀን፥ የቀትር ፀሓይ ከጠርዙ ወደ ውስጥ የሚገባው 60 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ወደ ደቡብ የዞረ እንደ ሆነ ታኅሣሥ 12 ገደማ 1 ሜትር ከ60 ይገባል፤ ነገር ግን ያ ወር ብርድ ብርድ የሚልበት ስለ ሆነ ብዙ አያስከፋም። ምዕራብን ግን ተጠንቀቁ! ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመጋቢትና በመስከረም ወር፥ በዘጠኝ ሰዓት ፀሓይ 2 ሜትር ተኩል ያህል ትገባለች፤ በአሥር ሰዓት 4 ሜትር ከ40 ያህል ትገባለች፤ በአሥራ አንድ ሰዓት ከ9 ሜትር በላይ ነው። በረንዳችን ደግሞ ወርዱ 3 ሜትር መሆኑን አስታውሱ። ስለዚህ ወደ ምዕራብ የዞረ በረንዳ ጣሪያ ቢኖረውም ልክ ሰው አረፍ በሚልበት ሰዓት ከዳር እስከ ዳር በፀሓይ ይሞላል። ቍጥሮቹን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች በታንጀንት ሊያረጋግጡ ይችላሉ።

ምሥራቅ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቤቱ ራሱ ጥላ ይጥላል። ቁመቱ 3 ሜትር ተኩል የሆነ ቤት በዚያው በመጋቢትና በመስከረም በስምንት ሰዓት ወደ ምሥራቅ 2 ሜትር ያህል ጥላ ይሰጣል፤ በአሥር ሰዓት 6 ሜትር ይሰጣል። ይህም ማለት ከሰዓት በኋላ የበረንዳው ጣሪያ ገና ሳይሠራ ሥራው ተሠርቷል ማለት ነው። ቤት ከሁሉ ይልቅ ርካሽ ጣሪያ ነው፤ አስቀድሞ ተከፍሎበታልና። ስለዚህ ጓሮው የሚፈቅድ ከሆነ ምሥራቅን አስቀድሙ፥ ቀጥሎ ሰሜንን። ጓሮው በምዕራብ ብቻ ያለ ሰው ደግሞ ተስፋ አይቍረጥ፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው ጣሪያ ማስረዘም ሳይሆን በምዕራብ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ መከለያ ነው። ቀጫጭን ጣውላ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት እየተተወለት ቢመታ፥ ወይም ቡገንቪል በሽቦ ላይ ቢሳብ ፀሓይን ከልሎ ነፋስን ያሳልፋል። ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ማሰብ የሚችል ሰው ከመከለያው ራቅ አድርጎ ኒም ይትከል። የከተማችንን መንገዶች ያቀዘቀዘ ዛፍ ጓሮን ማቀዝቀዝ አያቅተውም።

ስለ ጣሪያው አንድ ነገር ልጨምር። ባዶ ቆርቆሮ ፀሓይን ቢከለክልም ራሱ ግሎ ሙቀቱን ወደ ታች ይተፋል። ከሥሩ ኮርኒስ ወይም ሰሌን ቢደረግና በሁለቱ መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ቢተው ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ጣሪያውን የሚሸከሙት ቋሚዎች ከመሠረቱ ጋር በብረት መታሰር አለባቸው፤ የነፋስ ኃይል በረንዳን ከላይ የሚጫን ብቻ አይደለም፥ ከሥር ገብቶ ወደ ላይም ያነሣል።

ከፀሓይ ቀጥሎ ውኃ ይመጣል። በድሬዳዋ ስለ ውኃ ሲነገር ማንም የ1998 ዓ. ም. ክረምትን ሳያስታውስ አያልፍም። በዚያ ዓመት በሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ደቻቱ ከደጋው የወረደውን ጎርፍ ይዞ መጥቶ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙ ቤትም ወሰደ። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ መስሎ የሚታየው ወንዝ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንዲህ ይሆናል። ስለዚህ ግቢው ከደቻቱ ወይም ከሌላ የጎርፍ መውረጃ ዳር የሆነ ሰው በረንዳውን ወደ መውረጃው ማስጠጋት አይገባውም። በዚህ ነገር የአናጢ ብልሃት የለም፤ ጠንካራ እንጨትም ሆነ ብዙ ሲሚንቶ አያድንም። «ሰፊ ባዶ ቦታ አለ» ተብሎ የሚገባበት ያ ቦታ ባዶ የሆነው ውኃው ባለቤቱ ስለ ሆነ ነው።

ከወንዝ የራቀ ግቢም ቢሆን የራሱ ትንሽ ወንዝ አለው። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አንድ ክረምት ልብ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል። በረንዳው በዚያ መንገድ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ሥሩን በድንጋይ መዝጋት ክልክል ነው፤ የተዘጋው ውኃ ወደ ቤት ወይም ወደ ጎረቤት ይዞራልና ጠብ ያመጣል። በእግሮች ላይ የቆመ የእንጨት ወለል በግንብ ከተሞላ ወለል የሚበልጠው አንዱ በዚህ ነው።

የጣሪያው ውኃ ደግሞ ሊጠራቀም ይችላል። 30 ሚሊሜትር ዝናብ 12 ካሬ ሜትር በሆነው ጣሪያችን ላይ ቢወርድ 12 በ30 ተባዝቶ 360 ሊትር ይሆናል፤ ከአንድ በርሜል ተኩል በላይ ነው። ቧንቧ በየጊዜው በሚቋረጥበት ቤት ይህ ቀላል ሀብት አይደለም። ነገር ግን በርሜሉ ክዳን ይኑረው፤ አሸንዳውም አይቊጠር። ይህን የምለው ለንጽሕና ብቻ አይደለም። በ2006 ዓ. ም. መጀመሪያ የደንጊ ትኩሳት በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው በድሬዳዋ ነው። በ2011 ዓ. ም. ክረምት የቺኩንጉንያ በሽታ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው በከተማው ውስጥ አስተኛ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በረግረግ ሳይሆን በየቤቱ በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ነው። በ2014 ዓ. ም. ደግሞ ከውጭ የገባች ሌላ የወባ ትንኝ በዚያው ዓይነት ውኃ እየተራባች ወባ አስፋፍታ ነበር። የበረንዳ ሥር ጨለማና ቀዝቃዛ ስለ ሆነ አሮጌ ጎማ፥ ጣሳና የተሰበረ ባልዲ መጣያ ይሆናል። ጓደኞቼ፥ ያን ቦታ ባዶ አድርጋችሁ ጠብቁት፤ መጥረጊያ የሚገባበትን ያህል ከፍ ያለ ይሁን።

አሁን ቦታው ተመርጧል። መሠረቱን ለመቀየስ አራት ችካል፥ ሲባጎና ሜትር ይበቃል። አንዱን ጎን 4 ሜትር፥ ሌላውን 3 ሜትር ለኩ። ማዕዘኑ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ከጥግ ወደ ጥግ አግድም ለኩ፤ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው። በሒሳብ ክፍል የተማርነው የፓይታጎረስ ሕግ እዚህ ላይ ያለ ስኳድራ ያሠራናል። ሌላውንም ጥግ እንዲሁ ለኩ፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ችካል መልሶ መንቀል ይሻላል፤ የጠመመ መሠረት እስከ ጣሪያው ድረስ ያስቸግራል።

ወለሉ በዘጠኝ እግሮች ላይ ይቆማል፤ በሦስት ረድፍ ሦስት ሦስት ሆነው። በርዝመቱ በኩል በእግሮቹ መካከል 2 ሜትር፥ በወርዱ በኩል 1 ሜትር ተኩል ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሰው «ጥጉ ይጠንክር፥ መካከሉ ምንም አይደለም» ይላል። እንቍጠር። በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ጭነት ብናስብ ወለሉ በሙሉ 2,400 ኪሎ ይሸከማል። እያንዳንዱ እግር የሚሸከመው በዙሪያው ካለው ወለል እስከ ጎረቤቱ እግር ግማሽ መንገድ ያለውን ነው። የጥጉ እግር ድርሻ 1 ሜትር በ75 ሳንቲሜትር ስለ ሆነ 150 ኪሎ ነው፤ በዳር መካከል ያለው 300 ኪሎ ነው፤ የመሐሉ እግር ግን 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል፥ ማለት 600 ኪሎ ይሸከማል። የማይታየው እግር ከሚታየው አራት እጥፍ ይሠራል። ለሠርግ ወይም ለልቅሶ ሰው ሲሰበሰብ የሚሰምጠው ያ ነውና ጕድጓዱ ሲቈፈር ባለቤቱ በመሐለኛው ላይ ይቁም። በዳር ያሉት ደግሞ የጣሪያውን ክብደት ስለሚጨምሩ ሁሉንም በአንድ ልክ መሥራት ነው።

ለእያንዳንዱ እግር 50 ሳንቲሜትር ጥልቀት፥ 40 በ40 ስፋት ያለው ጕድጓድ ይቈፈራል። ከታች 20 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ይሞላል፤ በላዩ 20 በ20 ስፋት ያለው እግር በካሳፎርማ ይቆማል፤ ቁመቱ 60 ሳንቲሜትር ሆኖ እኩሌታው በመሬት ውስጥ፥ እኩሌታው በላይ ይሆናል። መሬቱ የላላ አሸዋ ወይም የተደለደለ አፈር ከሆነ ግን ጠንካራው እስኪገኝ ድረስ ይቈፈር። የዘጠኙ ኮንክሪት ተደምሮ ግማሽ ሜትር ኩብ ያህል ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶ፥ ሁለት እጅ አሸዋ፥ አራት እጅ ጠጠር ብንቀላቅል 160 ኪሎ ያህል ሲሚንቶ ይወስዳል፤ ባለ 50 ኪሎ አራት ከረጢት መግዛት ይበቃል። በአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው በዚሁ በድሬዳዋ ነው፤ የኖራ ድንጋይ በቅርብ ይገኛልና።

አሸዋው ከደረቅ ወንዝ የመጣ ከሆነ ጭቃ መያዙን መርምሩ። በጠርሙስ ግማሽ ያህል አሸዋ አድርጉ፥ ውኃ ሙሉ፥ አጥብቃችሁ ነቅንቁና አሳድሩት። በማግሥቱ ከአሸዋው በላይ የደለል ሽፋን ታያላችሁ፤ ውፍረቱ ከአሸዋው ከመቶ 6 እጅ የሚበልጥ ከሆነ አሸዋው ይታጠብ። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ «በድሬዳዋ ፀሓይ ቶሎ ይደርቃል» ብሎ መደሰት ስሕተት ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፤ ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ነው። ውኃው በፀሓይ ተኖ ከጠፋ ውሕደቱ በመንገድ ይቀራል። ስለዚህ እርጥብ ጆንያ አልብሶ ሰባት ቀን ጧትና ማታ ማጠጣት ይገባል።

ቀጥሎ ወደ ትልቁ ጠላት ደረስን፤ እርሱም ምስጥ ነው። አጠና በቀጥታ በአፈር ውስጥ ተክሎ በረንዳ ማቆም ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ምስጡ ከሥር ገብቶ ውስጡን ሲበላ ከውጭ ቅርፊቱ ደኅና መስሎ ይቆያል። አንድ ቀን አያታችን ወንበራቸውን ሲያስጠጉ ይሰበራል። እግሮቹን በኮንክሪት ማድረጋችን፥ ከመሬትም 30 ሳንቲሜትር ከፍ ማድረጋችን ለዚህ ነው። በእያንዳንዱ እግር አናት ላይ ደግሞ ከላሜራ የተቈረጠ ክዳን ይደረጋል፤ ክዳኑ ከእግሩ ዙሪያውን አምስት ሳንቲሜትር ወጣ ብሎ ወደ ታች ይታጠፋል። ክዳኑ ምስጥን ፈጽሞ የሚከለክል እንዳይመስላችሁ። ምስጥ ብርሃንና ደረቅ ነፋስ ስለማይወድ በጭቃ በሠራው መሿለኪያ ውስጥ ይሄዳል፤ ክዳኑ ያንን መሿለኪያ በአደባባይ እንዲሠራው ያስገድደዋል። የታየ ጠላት በመጥረጊያ እጀታ ይፈርሳል። ስለዚህ በየወሩ ጎንበስ ብሎ ማየት የቤቱ ልጆች ሥራ ይሁን።

እንጨቱን በሚመለከት ጥድ ምስጥን እንደሚቋቋም ሽማግሌዎች ሁሉ ያውቃሉ፤ ዝግባ ግን ቶሎ ይበላል። ይሁን እንጂ ጥድ፥ ዝግባ፥ ዋንዛና ኮሶ በደኖቻችን እጅግ ስለ ተመናመኑ በ1986 ዓ. ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጡ ከልክሎ ነበር። ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ የጥድ ጣውላ አትግዙ። በገበያ በቀላሉ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ቢሆንም እርጥብ ሳለ ከተመታ ሲደርቅ ይጣመማል፥ ይሰነጠቃልም፤ ቢያንስ ጥቂት ወር በጥላ ተደርድሮ፥ በየመካከሉ ቀጭን እንጨት እየተደረገ ይድረቅ። በአካባቢያችን ያለ ልክ የተዛመተው ፕሮሶፒስ እንጨቱ ጠንካራ ነው፤ ግን አጭርና ጠማማ ስለ ሆነ ለመከለያ ወይም ለወንበር እንጂ ለረጅም ጣውላ አይሆንም። አንዳንድ ሰው እንጨቱን በተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ልጆች በባዶ እግር የሚሄዱበት፥ ሕፃን የሚድህበት ወለል ላይ እኔ አልመክርም።

በእግሮቹ ላይ በርዝመት ሦስት ተሸካሚ አግዳሚዎች ይጋደማሉ፤ እያንዳንዱ 4 ሜትር ርዝመት፥ 5 በ15 ሳንቲሜትር ይሁን። አግዳሚው በጠባቡ ጎን መቆም አለበት እንጂ እንደ መደብ መተኛት የለበትም። ለምን? የእንጨት ጥንካሬ የሚገኘው ወርዱን በከፍታው ካሬ በማባዛት ነው። ቆሞ 5 በ225፥ ማለት 1,125 ይሆናል፤ ተኝቶ 15 በ25፥ ማለት 375 ይሆናል። ያው እንጨት ሦስት እጥፍ ጠነከረ። ላለመለመጥ ያለው ችሎታ ደግሞ በከፍታው ኩብ ስለሚያድግ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ማስመሪያችሁን በሁለት መጽሐፍ መካከል አንድ ጊዜ አስተኝታችሁ፥ አንድ ጊዜ አቁማችሁ በጣት ተጫኑት።

በአግዳሚዎቹ ላይ በየ50 ሳንቲሜትሩ 5 በ10 የሆኑ ዘጠኝ ወራጆች በወርድ ይሰደራሉ፤ እያንዳንዳቸው 3 ሜትር ናቸው። በወራጆቹ ላይ ጣውላው በርዝመት ይመታል። የጣውላው ወርድ 10 ሳንቲሜትር፥ በመካከሉ የሚተወው ክፍተት ግማሽ ሳንቲሜትር ቢሆን 29 ጣውላ ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ መገናኛ ሁለት ሚስማር ቢመታ 29 በ9 በ2፥ ማለት 522 ሚስማር ይሆናል። ለብልሽት ከአሥር አንድ እጅ ጨምሩ። ክፍተቱን ለቁጠባ ብላችሁ አታስፉት፥ ለውበትም ብላችሁ አትዝጉት፤ ውኃና አቧራ ወደ ታች የሚወርደው በእርሱ ነው።

እንግዲህ ከመሬት እስከ ወለሉ 58 ሳንቲሜትር ያህል መጣ። ይህን ለአራት ከፍለን እያንዳንዱን ርምጃ 14 ሳንቲሜትር ተኩል ብናደርገው ጕልበት የሚያማቸው ሰዎች ሳይጨነቁ ይወጣሉ። ዋናው ነገር ሁሉም ርምጃ እኩል መሆኑ ነው፤ በሌሊት ሰው የሚወድቀው በከፍታ ብዛት ሳይሆን በአንዱ ልዩነት ነው። በደረጃው ጎን አንድ የእጅ መደገፊያ ይኑር። ወለሉም ከቤቱ በር ደፍ አምስት ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል፤ ዝናብ እንዳይገባ። የቤቱ ወለል ዝቅተኛ በሆነበት ግቢ ይህ ልክ ሁሉ ስለማይስማማ እግሮቹን ማሳጠር፥ ወይም ከእንጨቱ ይልቅ የድንጋይና የሲሚንቶ ወለል መምረጥ ይሻላል።

በእርግጥ ገንዘብ የጎደለው ሰው ወለሉን በሲሚንቶ ቢያደርገው የሚያፍርበት ነገር የለም። ሲሚንቶ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ እየተፋ ያስቸግራል፤ እንጨት ግን ፀሓይ እንደ ገባች ይቀዘቅዛል፥ ከሥሩም ነፋስ ያልፋል። ውጭ ለሚተኛ ቤተ ሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ከጣሪያውና ከወለሉ አንዱን ብቻ ማሠራት የሚችል ሰው ያለ ማመንታት ጣሪያውን ያሠራ። ከጥላ ሥር አፈር ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ መቀመጥ ይቻላል፤ በጠራራ ፀሓይ ውድ ጣውላ ላይ ግን አይቻልም።

ጕድጓድ ከመቈፈሩ በፊት የግንባታ ፈቃድ ከሚሰጠው ክፍል መጠየቅ አይዘንጋ፤ በተለይ ቤቱ የቀበሌ ወይም የኪራይ ከሆነ ያለ ፈቃድ የተሠራው ሊፈርስ ይችላል። ከጎረቤት ጋርም የጣሪያው ውኃ በማን በኩል እንደሚፈስ አስቀድሞ መነጋገር ነው።

የቀረው የቡናው ነገር ነው። የከሰል ምድጃ በጣውላ ወለል ላይ በቀጥታ አይቀመጥም፤ ፍም አንድ ጊዜ ከወደቀ በክፍተቱ ገብቶ ከሥር ይጨሳል፥ ሰውም ሳያየው ይቆያል። በበረንዳው አንድ ጥግ፥ ነፋስ ጭሱን ወደ ቤት በማይመልስበት በኩል፥ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ያህል ቦታ በላሜራ ላይ ሸክላ ተነጥፎበት ለምድጃው ይለይ፤ ረከቦቱ ከአጠገቡ በጣውላው ላይ ሊቀመጥ ይችላል። የነፋሱን አቅጣጫ ለማወቅ ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ ጥቂት ቀን ክር በእንጨት ላይ አስሮ ከሰዓት በኋላ ወዴት እንደሚያዘነብል መመልከት ነው፤ ይህን ደግሞ ከማንም ይልቅ በዚያ ተቀምጣ ቡና የምታፈላው እናት ስለምታውቀው አናጢው እርሷን ጠይቆ ቢያመለክት ይሻለዋል።